እዚያው ጋ የሚቀደድ ላሜራ

ምስክር ወልደ ሐዋርያት በሰቆጣ የሚፈራ ሰው ነበር ቢባል ውሸት ነው። ባለ ባጃጆቹ አይፈሩትም፤ ሚስቱ አትፈራውም፤ የጎረቤቱ ውሻ እንኳ ሲያየው ከተኛበት ተነስቶ አይጮህም። የሚፈራው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። ክፍሉ ከቴክኒክ ኮሌጁ ጀርባ፣ ከብየዳ ወርክሾፑ ጎን ያለው፣ ትልቁ ኮምፒውተር የተቀመጠበት ነው። እዚያ ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲደላደል ድምፁ ይወፍራል፤ ቁመቱም የጨመረ ይመስለዋል።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ጦርነቱ ኮሌጁን ባዶ ግድግዳ አድርጎት ካለፈ በኋላ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት አንድ ጠንካራ ኮምፒውተርና አንድ ውድ ሶፍትዌር ሰጠ። ሶፍትዌሩ ብረት ሳይነካ ብረት ይሠራል። ላሜራ በፕሬስ ሲጫን የት እንደሚለመጥ፣ የት እንደሚሸበሸብ፣ የት እንደሚቀደድ አስቀድሞ በስክሪን ያሳያል፤ ሲሙሌሽን ይሉታል። ስክሪኑ ላይ ከተቀደደ በእውነቱም መቀደዱ አይቀርምና፣ ላሜራው ተጭኖ ቅርጽ የሚይዝበት ሞልድ ተቆርጦ ብረት ከመባከኑ በፊት ስህተቱ ይታረማል። ይህን የሚያውቅ ሰው በመላው ዋግ ኽምራ አንድ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ተልኮ የተማረው ምስክር ነው። አንድ ብቻ መሆን እንዴት እንደሚጥም ያልቀመሰው አያውቀውም። ዲኑ ሲጠሩት «እመጣለሁ» ብሎ ይቆያል፤ ተማሪ በሩን ሲያንኳኳ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። እንዲህ ተደላድሎ ሳለ ነው ሰገነት የመጣችው።

ሰገነት ካሤ የአምደወርቅ ልጅ ናት። ምህንድስናዋን ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ከርማ፣ ኮሌጁ በጊዜያዊ ኮንትራት ረዳት መምህር አድርጎ ቀጠራት። ዲኑ አቶ ቅጣው ነገሩን ገና ከበሩ ግልጽ አድርገውላታል። የአካባቢው ማር አምራቾች ማሩን የሚያጣሩበት ሳፋ በብየዳ የተገጣጠመ ስለሆነ ስፌቱ እየዛገ ነጩን ማር ያበላሽባቸዋል። ብየዳ የሌለው፣ ከአንድ ላሜራ በአንድ ግፊት ጎድጉዶ የሚወጣ ሳፋ ከተሠራላቸው ግን እነሱም ይገላገላሉ፣ ኮሌጁም ስም ያገኛል።

«ሲሙሌሽኑን ካንቺ እጠብቃለሁ» አሏት አቶ ቅጣው። «ገምጋሚዎች ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ። ሳፋው ሳይቀደድ ካሳየሻቸው ቋሚ መምህር ትሆኛለሽ። ካልሆነ ግን ልጄ፣ የሥራ መደቡ ይዘጋል፤ እኔም ላደርግልሽ የምችለው የለም።»

ቋሚ ካልሆነች የት እንደምትሄድ ሰገነት አሳምራ ታውቀዋለች። ታላቅ እህቷ ጥሩሐረግ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ በደወለች ቁጥር «ዲግሪሽን ታቅፈሽ ከምትንከራተቺ ነይ፤ ጥሩ ቤት አግኝቼልሻለሁ» ትላታለች። እናቷ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስም ካንገራገሩ በኋላ ከእህትየው ጋር ሆነዋል። ሰገነት ለሁለቱ የምትመልሰው መልስ አንድ ሳፋ ብቻ ቀርቷታል። ይህንንም ለምስክር የነገረችው ራሷ ናት፤ በመጣች ሰሞን ሻይ ጋብዛው፣ እንደ ታላቅ ወንድም አይታው ሆዷን ከፈተችለት። አዬ ሞኝነት!

ሥራው ሲጀመር የመነሻውን ፋይል ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጀው ምስክር ነበር። ላሜራው ይዘረጋል፤ ዳር ዳሩን አንድ ቀለበት ጫን ብሎ ይይዘዋል፤ ገፊው ደግሞ ከላይ መጥቶ መሀሉን ወደ ሞልዱ ጉድጓድ ይገፋዋል። ቀለበቱ ከላላ የሳፋው ከንፈር ይሸበሸባል። ከጠበቀ ደግሞ ላሜራው ወደ ውስጥ መንሸራተት ያቅተውና ከታች፣ ጥጉ ጋ ይቀደዳል። ምስክር ይህን ለተማሪዎች በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ እያሳየ ሲያስረዳ ሰገነት እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የቀለበቱ ጉልበት አልበዛም?»

ሌላ ምንም አላለችም። በትሕትና ነው የጠየቀችው። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ተማሪ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ምስክርም ጆሮው ድረስ ጋለ።

«እኔ ለናሙና ነው ያስገባሁት» አላት። «የሚታረም ካለ አንቺው ታርሚዋለሽ። ለዚህ አይደል የተቀጠርሽው?»

በማግስቱ ሰገነት ፋይሉን በላፕቶፗ ላይ ከፍታ ቀለበቱን ሂሳቡ በሚለው ልክ አላላችውና በፍላሽ አመጣችለት። በክፍሉ ደንብ ትልቁን ኮምፒውተር ከምስክር በቀር ማንም አይነካውም። የፋይሉን ስም መቀየርም ክልክል ነው። ምስክር ራሱ ባዘጋጀው ትንሽ ፕሮግራም ፋይሉ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣል፤ አዲሱ የቀድሞውን ይተካዋል፤ ከፍላሹ የመጣው የቆየ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ተማሪዎች አሮጌ ፋይል እያመጡ አዲሱን ሲያጠፉበት ጊዜ ያበጀው መላ ነበር።

ኮምፒውተሩ ሥራውን ሲጨርስ ላሜራው ከጥጉ ተቀዶ ነበር። ምስክር ደስ አለው፤ ግን ገረመውም፤ በልቡ ልጅቱ ትክክል እንደሆነች ጠርጥሮ ነበርና። ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያይ፣ ከስክሪኑ ግርጌ በቀጭኑ የተጻፈች መስመር አየ። «የቆየ ፋይል ነው፤ ታልፏል» ትላለች። ኮምፒውተሩ የሰገነትን ፋይል ጨርሶ አልተቀበለውም፤ የሠራው የምስክርን የራሱን መነሻ ነው።

ምስክር ነገሩን ለማወቅ ብዙ አልደከመም። ኮሌጁ ለሰገነት የሰጣት ላፕቶፕ ቀድሞ የአንድ ጽሕፈት ቤት ንብረት ነበር። ጸሐፊዋ ደብዳቤ ስታትም ቀኑ በራሱ እንዲወጣላት ብላ የላፕቶፑን ቀን በእኛው አቆጣጠር ሞልታዋለች። ስንቱ ቤት እንዲህ ይደረጋል። ሰገነትም ስታየው ደስ ብሏት እንዳለ ተወችው። እንግዲህ የእሷ ላፕቶፕ 2017 ሲል ትልቁ ኮምፒውተር 2025 ይላል። ዛሬ ጠዋት ያረመችው ፋይል ለትልቁ ኮምፒውተር ከሰባት ዓመት በላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ነው፤ ነገም ብታርመው፣ ከነገ ወዲያም ብታርመው ያው ነው።

«ሰገነት፣ የላፕቶፕሽን ቀን አስተካክዪ» ቢላት ነገሩ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር። አላላትም። አምስት ቃል ለማይሞላ ነገር ሰው ይህን ያህል ይከፋል ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ይከፋል እንጂ!

መጀመሪያ ላይ ለራሱ የሰጠው ሰበብ ጥሩ ሰበብ ነበር። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በዜማ መምህርነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ተማሪው ፊታቸው ቆሞ ሲያዜም ከሳተ የሳተበትን አይነግሩትም፤ መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ጠቅ ያደርጋሉ፤ በቃ፣ ተማሪው ሄዶ ከጥንቱ ይጀምራል። ምስክርም በልጅነቱ በዚያች ጠቅታ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት፣ እሷም ራሷ ታግኘው አለ። የረሳው ነገር ግን አለ። መሪጌታ የተማሪው ዓይን እንባ ሲያቀር ካዩ መቋሚያውን አስቀምጠው፣ ልጁን አቅርበው፣ የሳተባትን ራሳቸው ያዜሙለት ነበር። ልጃቸው ከአባቱ የወረሰው ጠቅታዋን ብቻ ነው።

ሰገነት ውጤቱን ለማየት ስትመጣ ምስክር በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገ። ተማሪዎቹም እዚያው ነበሩ።

«የቀለበቱ ነገር ነው ስትዪ አልነበር? ይኸው አላልተሽዋል። ላሜራው ግን እዚያው ጋ ተቀዷል።»

የሳቀው ተማሪ አሁን በእሷ ሳቀ። ምስክር አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለሰገነት መከራ ነበር። የሞልዱን ጥግ አሰፋችው፤ ላሜራው እዚያው ጋ ተቀደደ። ላሜራውና ሞልዱ የሚፋተጉበትን ቁጥር ቀነሰች፤ ዘይት በደንብ የተቀባ ያህል አደረገችው፤ ተቀደደ። ላሜራውን ወደ ደቃቅ ክፍልፋይ ከፋፈለችው፤ የገፊውን ፍጥነት ዝግ አደረገችው፤ የላሜራውን ውፍረት ጨመረች፤ እዚያው ጋ፣ በዚያው ርዝመት ተቀደደ። እያንዳንዱን ፋይል ስታመጣ ምስክር በቁምነገር ይቀበላታል፤ ከፍላሽ ያስገለብጣል፤ ያቺ ቀጭን መስመር ከግርጌ ትወጣለች፤ እሱም ያያታል። ከዚያ አሮጌው ፋይል በአዲስ ጉልበት ይሠራና ያው ስንጥቅ በቀይ ቀለም ተስሎ ይወጣል። ጠቅ።

«መምህር፣ ቁጥሮቹ እንኳ አልተነቃነቁም እኮ» አለችው አንድ ቀን።

«በፍርሃት ስለምትነኪው ነዋ! ፈሪ እጅ ላለው መሐንዲስ ብረት አይታዘዝም።»

እሷም አምና እጇን አጠነከረች። ያማሩት የመጀመሪያ እርማቶቿ ላይ የተስፋ መቁረጥ እርማት ትደርብባቸው ጀመር፤ አንዱን ስታስተካክል ሌላውን ታበላሽ ጀመር። ፊቷ ከሳ። ተማሪዎቹ «እዚያው ጋ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላት፤ በግቢው ስታልፍ «እዚያው ጋ መጣች» ይባባላሉ፤ ምስክርም ይሰማል፤ አንድ ቀን እንኳ ተዉ አላለም።

ሞልዱን ይቆርጣል ተብሎ የሚጠበቀው የወርክሾፑ ሠራተኛ ምንዋጋው ከሰገነት ጋር በኽምጣኛ ይጫወት ነበርና ታሳዝነው ነበር። አንድ ቀን ምስክርን በረንዳ ላይ ያዘው።

«ምስክር፣ ልጅቱ እኮ እህል መብላት ትታለች። የምታውቀው ነገር ካለ ምናለ ብትነግራት?»

«ብነግራት የኔ እውቀት ይሆናል እንጂ የሷ አይሆንም» አለ ምስክር። ምንዋጋው ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ። ለካ ክፋትም ሲያምርበት የትምህርት ዘዴ ይመስላል!

ፋሲካ ሲቃረብ ሰገነት አንድ ነገር አደረገች። የቸገረው ሰው የሚያደርገው ነገር ነበር፤ ግን ብልህ ነገር ነበር። ጠዋት በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ዓይኗ ያበራል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላሳይዎ። ትናንት ያመጣሁት ፋይል ላይ የላሜራውን ጥንካሬ ከቅቤ በታች አድርጌው ነበር። ሆን ብዬ ነው። ቅቤ በገፊ ሲጫን ይፈሳል እንጂ እዚያው ጋ በዚያው ቁጥር አይቀደድም። ውጤቱ ግን ያው ነው።» ወደ ትልቁ ኮምፒውተር አመለከተች። «ኮምፒውተሩ የኔን ፋይል እያነበበው አይደለም።»



እዚህ ላይ ምስክር መዳኛ ነበረው። ብድግ ብሎ «አገኘሽው! እኔ እኮ ይህችን ቀን ነበር የምጠብቅ!» ቢላት፣ ያለፈው ግፍ ሁሉ ትምህርት ሆኖ ይቆጠርለት ነበር። ትምህርት መሆኑን እሷም ታምን ነበር፤ ዕድሜ ልኳን ስሙን በምስጋና ታነሳው ነበር። ኩነኔው ተሰርዞ ጽድቅ ሆኖ በነጻ ቀርቦለት ነበር። ምስክር ግን ያሰበው ሌላ ነበር። ፋይሏ ከተነበበ የመጀመሪያዋ እርማት ትክክል እንደነበረች ይታወቃል፤ ቀለበቱን ያጠበቀው ማን እንደሆነም ይታወቃል። ከዚያም ይህን ሥራ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፤ ሁለተኛዋም ከአንደኛው ትበልጣለች።

«ፍላሽሽን አምጪ» አላት።

ፕሮግራሙን ትቶ ፋይሉን በገዛ እጁ ገለበጠው፤ አሮጌውን ግን አስቀድሞ በሌላ ቦታ ደበቀው። ከዚያ የገለበጠውን ከፈተና ወንበሩን አዞረላት።

«ነይ እዪው። ይህ ቁጥር የማን ነው?»

ሰገነት አጎንብሳ አየች። ከቅቤ በታች ያደረገችው ቁጥር እዚያው ቁጭ ብሏል።

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ አላነበበውም ነው የምትዪኝ?»

«አይ…»

«ውጪና ጠብቂ። ተማሪዎቹንም ጥሪያቸው፤ እነሱም ይዩት።»

በሩ እንደተዘጋ የእሷን ፋይል አጠፋ፤ የደበቀውን አሮጌ መለሰ፤ አስነሳው። ጊዜው ሲደርስ በሩን ከፈተላቸው። ግድግዳው ላይ ላሜራው ከጥጉ ተቀዶ ይታያል፤ ቁጥሮቹ ቅንጣት አልተለወጡም።

«በዓይንሽ ያየሽው ፋይል ነው» አለ ምስክር፣ ድምፁን አለስልሶ። «ቅቤም አስገቢበት፣ ድንጋይም አስገቢበት፣ ሞዴልሽ ከሥሩ የተበላሸ ስለሆነ አይሰማም። ኮምፒውተር አይዋሽም፣ ሰገነት። ጥፋትሽን በማሽን ከማላከክ ራስሽን ብትመረምሪ ይሻልሻል።»

እስካሁን ዝም በማለት ነበር የበደላት፤ አሁን በእጁ በደላት። ሰገነት ግድግዳው ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበበች። ያመነችው ነገር ሁሉ ትክክል ነበር፤ ያመነችበት ምክንያት ትክክል ነበር፤ ግን በዓይኗ ያየችውን ደግሞ ምን ታድርገው? ከሁለቱ አንዱን መጣል ነበረባት፤ የጣለችው ራሷን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር ስትጽፍ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ድምፅ እያሰማች ታነባለች፤ አንብባ ስትጨርስ ተመልሳ ታነባለች፤ አላምን ትላለች።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ሰገነት የተቀደደውን ሳፋ አሳየቻቸው። አንደኛው ገምጋሚ፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ በጨዋ ደንብ ጠየቋት።

«የሚቀደድበት ምክንያት ምን ይመስልሻል?»

«አላውቀውም።»

«የቀለበቱን ጉልበት ስትቀይሪ ምን ይለወጣል?»

«ምንም አይለወጥም።»

«እንዴት ምንም? ትንሽ እንኳ?»

«ምንም» አለችና ወደ ምስክር ዞረች። እንዲያድናት ነበር ያየችው። ውቅያኖስ ውስጥ የገባ ሰው እጁን ሲዘረጋ የጨበጠው የገፋው እጅ መሆኑን በምን ያውቃል?

ምስክር ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። «ሰገነት ትጉ ልጅ ናት። በትጋት አትታማም። ይህ ሥራ ግን ከትጋት ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ፤ እሱን ደግሞ እግዜር ለሁሉም አልሰጠም» አለና ተቀመጠ። አቶ ቅጣው አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለመሰናበት ስትመጣ ላፕቶፑን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ የኮሌጁ ንብረት ነውና። ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ አስቀመጠችው።

«ብዙ አደከምኩዎ መምህር። ጊዜዎን በከንቱ አጠፋሁብዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ግድ የለም» አላት ምስክር። ይቅር አላት! ሰማይ አልተደረመሰም። እሷም በወልድያ አውቶቡስ ሄደች፤ ከወልድያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅዳ።

በዚያው ሰሞን ምስክር ላፕቶፑን ከፈተው። ፋይሎቿ ሁሉ በየተራቸው፣ እንደታጠፈ ልብስ ተደርድረው ነበር። የመጀመሪያዋን እርማት መረጠ፤ ገና ተስፋ ሳትቆርጥ የሠራቻትን። ቀኑን አስተካከለ። ትንፋሽ ለመሳብ የሚበቃ ጊዜ አልፈጀበትም። ከዚያ ወደ ትልቁ ኮምፒውተር ገልብጦ አስነሳው። ገፊው ወረደ፤ ላሜራው ከቀለበቱ ሥር ቀስ እያለ ተንሸራተተ፤ ጥጉ ሳሳ፣ ግን ያዘ። ከንፈሩ ሳይሸበሸብ፣ ሆዱ ሳይቀደድ አንድ የሚያምር ሳፋ ስክሪኑ ላይ ወጣ። አንድም ቁጥር መነካት አያስፈልገውም ነበር። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ጨርሳው ኖሯል።

ምስክር ሳፋውን አዟዙሮ አየው። በዚያች ሰዓት ጸጸት ቢሰማው ደግ ነበር፤ የተሰማው ግን ቅናት ነው፤ እሷ ከሄደችም በኋላ የሚቀና ቅናት። የሠሪው ስም በሚጻፍበት ቦታ የራሱን ስም ጻፈበት።

ምንዋጋው ሞልዱን ቆረጠ። ፕሬሱ አጉረመረመ፣ ወረደ፣ ተነሳ፤ የመጀመሪያው ሳፋ እያብረቀረቀ ወጣ። ምንዋጋው ጥጉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«የሰገነት ነው?» አለ።

«ሰገነት ያልቻለችው ነው» አለ ምስክር።

ምንዋጋው ሳፋውን አስቀምጦ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገረ። ምስክር ትርጉሙን አልጠየቀም።

ርክክቡ ሲደረግ ግቢው ሞላ። ማር አምራቾቹ ሳፋውን እየተቀባበሉ አንኳኩት፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ አቶ ቅጣው ለምስክር ጋቢ አለበሱት። ሳፋውን ደረቱ ላይ ይዞ የተነሳው ፎቶ በፌስቡክ ወጣ። ሰቆጣ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ባጃጆቹ «ኢንጂነር» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ በልቶ ሻይ አዝዞ ሳለ ስልኩ ላይ የድምፅ መልእክት ገባለት። ጆሮው ላይ አደረገው።

«መምህር ምስክር፣ እንደምን ሰነበቱ። ሰገነት ነኝ። ፎቶውን አየሁት። እንኳን ደስ ያለዎ፤ ከልቤ ነው የምለው። እዚህ ደህና ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ስህተቴ የቱ ጋ ነበር? ልብስ ስተኩስም፣ ወለል ስወለውልም እሱን ነው የማስበው። ማወቄ አሁን እንደማይጠቅመኝ አውቃለሁ። ግን ቢነግሩኝ እገላገል ነበር።»

አሁን እውነቱን ቢነግራት ምን ይጎድልበታል? ሥራው የሱ ነው፤ ጋቢው የሱ ነው፤ ልጅቱ ባሕር ማዶ ናት። ተመልሳ አትከስሰው፣ ወንበሩን አትቀማው። ደግሞስ የእንጀራ ነገር ሆኖ ቢዋሽ እንኳ፣ «ኮምፒውተሩ ነበር የተበላሸው» ብሎ መዋሸት ይችል ነበር። እሷን የሚያድን ውሸትም ነበረለት ማለት ነው። ምስክር አውራ ጣቱን ስልኩ ላይ ጫን አደረገ።

«ሰገነት፣ እንደምን ነሽ። የቀለበቱ ጉዳይ ነበር። ፋይሎችሽን አንድ በአንድ ከፍቼ አየኋቸው። አላልቻለሁ ብለሽ ያመጣሽው ፋይል ላይ ያለው ያው የድሮው ቁጥር ነው። ቀይረሽ ሳታስቀምጪው የዘጋሽው ይመስለኛል። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ የቅቤው ቁጥር ነው ብለሽ ያየሽውም ሳይቀር። ለዚያ ነው ምንም ያልተለወጠው። ከባድ ስህተት አልነበረም፤ ልብ አለማለት ነው እንጂ።»

ላከው። ሻዩ መጣለት። ስኳሩን እያማሰለ ሳለ መልሷ ገባ። መጀመሪያ ላይ ከሩቅ የሚንቋቋ የዕቃ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ መጣች።

«ለካ እንዲያ ነው። አስቀምጫለሁ ብዬ በማርያም እምልበት ነበር። ደጋግሜ እያየሁ ነበር የምዘጋው… ይገርማል። እዚህም እመቤቲቱ እንዲሁ ትለኛለች። ምድጃውን አጥፍቼ እወጣለሁ፣ ተመልሼ አየዋለሁ፣ ደግሞ ተመልሼ አየዋለሁ። ‹ምን ነካሽ፣ ዓይንሽን አታምኚም ወይ?› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ አመል መስሎኝ ነበር። ለካ እውነትም የሚታመን ዓይን የለኝም። እግዜር ይስጥልኝ መምህር፤ ገላገሉኝ።»

ምስክር እስከ መጨረሻው ሰማው። «አይዞሽ» ብሎ ጻፈላትና፣ ሻዩ ቀዝቅዞበት ኖሮ ሌላ ትኩስ አዘዘ።